ሲሚንቶና ፌሮ ቀንሶ ጠንካራ ቤት መሥራት፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚገነቡ

ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ገላን፣ ኮዬ፣ የትም ይሁን ቤት ልትጀምሩ ከሆነ ይሄ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ጀምራችሁ መሠረት ላይ ከሆናችሁም የሚጠቅማችሁ አታጡም።

ስለ ቤትና ስለ አየር ንብረት ሲወራ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሶላርና ቆጣቢ አምፖል ነው። መጥፎ አይደለም። የእኛ ቤት ትልቁ ካርቦን (አየሩን የሚያሞቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ግን እዚያ የለም። በዚህ ከፍታ ላይ ቤት ማሞቂያም ኤሲም ያን ያህል አያስፈልገንም። መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውሃ ኃይል ነው። ስለዚህ ሰው ከገባበት በኋላ ቤቱ በመብራት በኩል የሚያመጣው ካርቦን ትንሽ ነው። ብዙው የሚወጣው ቁልፍ ሳትረከቡ በፊት ነው። በሲሚንቶ ፋብሪካው ምድጃ፣ በብረት ማቅለጫው፣ አሸዋና ጠጠር በሚያመላልሰው ሲኖትራክ ይወጣል። ይህን የግንባታ ካርቦን እንበለው። አንዴ ከወጣ ወዲያ የሚመልሰው የለም።

ደስ የሚለው ነገር፣ እሱን የሚቀንሰው ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ ወጪም ይቀንሳል። ያላባከናችሁት ሲሚንቶ ዋጋው ኪሳችሁ ውስጥ ይቀራል። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልብ በሉ፦ ትልልቁ ቅነሳ የሚገኘው ቁፋሮ ሳይጀመር፣ ወረቀት ላይ ነው። ሳይት ላይ የሚቀረው ብክነትን መከላከል ነው።

መጀመሪያ ጥቂት ቁጥር

ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ወደ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ምድጃ ተቃጥሎ ነው። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከነዳጁ ብቻ አይደለም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከራሱ ከድንጋዩ ነው የሚለቀቀው። ፋብሪካው ነዳጁን ቢቀይር እንኳ ይሄኛው አይቀርም። ለእኛ ለገንቢዎች የሚቀረን መላ ሲሚንቶን መቆጠብ ነው።

ለስሌት እነዚህን ያዙ። ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያሉ፣ ለማወዳደር ግን ይበቃሉ።

- 1 ኩንታል ኦፒሲ (መደበኛው) ሲሚንቶ፦ ከ80 እስከ 90 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ
- 1 ኩንታል ፒፒሲ (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተቀላቀለበት) ሲሚንቶ፦ ከ60 እስከ 70 ኪሎ
- 1 ኪሎ ፌሮ፦ ከማዕድን የወጣ ከሆነ 2 ኪሎ ገደማ፤ ከውድቅዳቂ ብረት በኤሌክትሪክ ምድጃ ቀልጦ ከሆነ ከ1 ኪሎ በታች
- 1 ኪሎ አዲስ አሉሚኒየም፦ ከ10 ኪሎ በላይ
- 1 ሊትር ናፍታ፦ 2.7 ኪሎ ገደማ

አንድ ምሳሌ እንሥራ። 100 ካሬ ላይ ያረፈ ጂ ፕላስ ዋን ቤት 80 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ፈጀ እንበል። በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ሲገባ 288 ኩንታል ይመጣል። ኦፒሲ ከሆነ ወደ 24 ቶን ካርቦን ነው። በአንድ ሜትር ኩብ 90 ኪሎ ፌሮ ብታስቡ 7,200 ኪሎ ይሆናል፤ ወደ 14 ቶን ካርቦን። ብሎኬቱ፣ ልስኑ፣ ሴራሚኩና መስኮቱ ገና አልተቆጠሩም። ከዚህ ቤት ላይ 10 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ከነፌሮው ቢቀንስ ካርቦኑ በ5 ቶን ገደማ ይቀንሳል። 36 ኩንታል ሲሚንቶና 9 ኩንታል ፌሮ ማለት ነው። በዛሬ ዋጋ ራሳችሁ አባዙት።

ደረጃ 1፦ ምን ያህል ቤት እንደሚያስፈልጋችሁ ወስኑ

ከዚህ የበለጠ ካርቦን የሚቀንስ እርምጃ የለም። ያልተሠራ ክፍል ሲሚንቶ አይበላም።

አርክቴክት ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ይነጋገር። ማን የት ይተኛል? እንግዳ በዓመት ስንት ጊዜ ያድራል? ሳሎኑ 50 ካሬ የሚሆነው ለምንድን ነው? ውስጥ ያማረ ኪችን ተሠርቶ እንጀራውም ወጡም ጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት የሚሠራባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ያ የቤታችሁ ልማድ ከሆነ የውስጡ ትንሽ ይሁን።

ስለ ወደፊቱ ፎቅም እንነጋገር። በዳርቻው መንደሮች ስታልፉ ከጣሪያ በላይ ወደ ሰማይ የቆመ ፌሮ ታያላችሁ። «ሲደላኝ እጨምራለሁ» ተብሎ የተተወ ነው። ከዓመታት በኋላ ፌሮው ዝጎ፣ ዝገቱ በኮለኑ (በኮንክሪት ምሰሶው) ላይ ቡናማ መስመር ሠርቶ ወርዷል። ከሥሩ ያለው መሠረት ለሦስት ፎቅ ተቆፍሯል፤ የተሸከመው አንድ ነው። ያ ሁሉ ኮንክሪት ያለ ሥራ መሬት ውስጥ ተቀብሯል።

ስለዚህ ቁርጡን ተነጋገሩ። በአምስትና በስድስት ዓመት ውስጥ ፎቅ የምትጨምሩበት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ የምታውቁ ከሆነ መሠረቱን ለዚያው አድርጋችሁ አንዴ ሥሩ። ትክክል ነው። የተተወውን ፌሮም ሲሚንቶ በጥብጣችሁ ቀቡት፣ ወይም በደካማ ኮንክሪት ሸፍኑት፤ ጊዜው ሲደርስ ተጠርቦ ይወጣል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ካላወቃችሁ ግን ለምትኖሩበት ቤት ብቻ አሠሩና በባህር ዛፍ ጣሪያና በቆርቆሮ ዝጉት። የላይ ሶሌታ (የኮንክሪት ንጣፍ) መቅረቱ ብቻ ለ100 ካሬ ቤት፣ በ15 ሳንቲ ውፍረት፣ 15 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው። ቢሙን (አግዳሚውን ኮንክሪት) አልቆጠርኩም።

ደረጃ 2፦ አፈሩን ሳታውቁ ፕላን አታሠሩ

ከአቃቂ እስከ ገላንና ዱከም፣ በኮዬና በቦሌ ዳርቻም ብዙ ቦታ መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ቤቱንም አብሮ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። ወደ እንጦጦ ጥግና ወደ ቡራዩ ተዳፋቶች ስትወጡ ደግሞ ቀይ አፈርና ድንጋይ ቶሎ የምታገኙበት ቦታ ብዙ ነው።

ልዩነቱ በካርቦን ትልቅ ነው። ጥቁር አፈር ከሆነ ቆፍሮ ማውጣት፣ በሲኖ ማስጣል፣ ሰሌክት (የተመረጠ መሙያ አፈር) ማምጣትና እየረገጡ መሙላት ይመጣል። መሐንዲሱ መረጃ ከሌለው ደግሞ ለክፉው አስቦ ጥልቅና ወፍራም መሠረት ይሰጣል። አይፈረድበትም። እሱ ያላየውን አፈር ማመን አይችልም።

ስለዚህ፦

1. ቦታው ላይ ቢያንስ ሁለት የሙከራ ጉድጓድ በሰው ኃይል አስቆፍሩ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ጥቁሩ አፈር የት እንደሚያልቅ በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። ፎቅ ከሆነ የባለሙያ የአፈር ምርመራ አሠሩ።
2. ጥልቀቱ ከቦታ ቦታ ከተለያየ ቤቱን ጠንካራው መሬት ቅርብ ወደሆነበት ጎን አስጠጉ።
3. ቦታው ተዳፋት ከሆነ መሬቱን ሜዳ ለማድረግ አትቁረጡ። ቆርጦ በኮንክሪት ሪቴይኒንግ ዎል (አፈር መያዣ ግድግዳ) መደገፍ ብዙ ሲሚንቶና ፌሮ ይበላል። ወለሉን በደረጃ ዝቅና ከፍ አድርጎ ተዳፋቱን መከተል ይሻላል።
4. ቤዝመንት ካላስጨነቃችሁ ይቅር። በጥቁር አፈር ውስጥ ደግሞ ውሃ መከላከያው ራሱ ሌላ ራስ ምታት ነው።

ከመሬት በላይ ላለው የመሠረት ግንብ ከቅርብ ካባ (የድንጋይ መፍለጫ) የሚመጣ ጥቁር ድንጋይ ተመራጭ ነው። ድንጋይ ምድጃ አያውቅም። ካርቦኑ የመፍለጡና የመኪናው ብቻ ነው። ግንበኛው ግን ድንጋዩን በድንጋይ እንዲያጣብቅ ተከታተሉት። ክፍተቱን ሁሉ በሞርታር የሚሞላ ከሆነ የድንጋዩ ጥቅም ጠፋ።

ደረጃ 3፦ ከስትራክቸር መሐንዲሱ ጋር ተቀመጡ

ብዙ ባለቤት የስትራክቸር ሥዕሉን ለፈቃድ ብቻ ነው የሚያሠራው። መሐንዲሱን በአካል አያገኘውም። ዋጋው ላይ ተከራክሮ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ ወረዳ ያስገባል። እኔ በበኩሌ ካርቦንም ገንዘብም በብዛት የሚፈስሰው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለመሐንዲሱ ትንሽ ጨምራችሁ ክፈሉትና ሁለት አማራጭ እንዲሠራላችሁ ጠይቁ። ለእያንዳንዱ አማራጭ ስንት ሜትር ኩብ ኮንክሪትና ስንት ኪሎ ፌሮ እንደሚወስድ ቁጥሩን ይስጣችሁ። በወለል ካሬ አካፍላችሁ አወዳድሩ።

ስትቀመጡ የምትጠይቁት ይሄ ነው።

*ኮለኖቹ ከመሠረት እስከ ጣሪያ አንድ መስመር ላይ ናቸው?* ከላይ ያለው ኮለን ታች ኮለን ከሌለው ቢም ላይ ይቀመጣል። ያ ቢም ከሌሎቹ ይወፍራል፣ ፌሮውም ይበዛል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የላይኛው መኝታ ቤት ከታችኛው ሳሎን ጋር አለመግጠሙ ነው። አርክቴክቱ ግድግዳውን 40 ሳንቲ ቢያንቀሳቅሰው ችግሩ ይጠፋል።

*በኮለንና በኮለን መካከል ያለው ርቀት ስንት ነው?* ለመኖሪያ ቤት ከ4 እስከ 4.5 ሜትር ይበቃል። 6 ሜትር ሲሆን ሶሌታው ይወፍራል፣ ክብደቱ ቢሙን ያወፍራል፣ ቢሙ ኮለኑን፣ ኮለኑ ፉቲንጉን (መሬት ውስጥ የሚያርፍበትን እግር)። አንድ ሰፊ ሳሎን ቤቱን በሙሉ ሊያወፍረው ይችላል። ለውበት ብቻ ወደ ውጭ የተንጠለጠለ ሶሌታም እንዲሁ ነው።

*ሶሌታው ሙሉ ኮንክሪት መሆን አለበት?* በ1990ዎቹ መጨረሻ (ዓ.ም.) በተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ተገጣጣሚ ትንንሽ ቢሞች ተደርድረው፣ በመካከላቸው ክፍት ብሎኬት ገብቶ፣ ከላይ ስስ ኮንክሪት የፈሰሰበት ሶሌታ በሰፊው ተሠርቷል። ከሙሉ ሶሌታ ያነሰ ኮንክሪት ይወስዳል። ካሳፎርማውም (ኮንክሪቱ እስኪጠነክር የሚይዘው ጣውላ) ይቀንሳል። ሥራውን የሚያውቁ ባለሙያዎች አሁንም አሉ። ለቤታችሁ ይሆናል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

*ለምን ሁሉም ነገር ሲ-25 ወይም ሲ-30 ሆነ?* ሲ-25ና ሲ-30 የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ ናቸው። ለሊን ኮንክሪት (ከመሠረት ሥር ለሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት)፣ ለመሬት ወለል፣ ለኮለን የሚያስፈልገው ጥንካሬ አንድ አይደለም። ለሊን ኮንክሪት በሜትር ኩብ 150 ኪሎ ሲሚንቶ ይበቃል። እዚያ ላይ የኮለኑን ድብልቅ የሚያፈስስ ሰው በሜትር ኩብ ከ2 ኩንታል በላይ ያለ ጥቅም ይቀብራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ፌሮ መቀነስ ማለት ሥዕሉ ላይ ያለውን ፌሮ ሳይት ላይ መቀነስ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ብዙዎቻችን ከአልጋ ወርደናል። ኮለንን በመንቀጥቀጥ ጊዜ አፍኖ የሚይዘው ስታፋው (ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት) ነው። በ10 ሳንቲ እንዲታሰር የተሳለውን በ20 የሚያስር ፌራዮ (ፌሮ ሠራተኛ) ካያችሁ ሥራውን አስቁሙ። ቅነሳው የሚደረገው በመሐንዲሱ ስሌት ነው። ስሌቱ ካለቀ በኋላ የሚጎድል አንዲት ስታፋ የለችም።

ደረጃ 4፦ ግድግዳውን ምረጡ

የተለመደው ብሎኬት ነው። ብሎኬት ከሆነ ከፑሚስ ወይም ከሬድ አሽ የተሠራ ቀለል ያለውን ምረጡ። ሁለቱም ከስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ የቀሩ ድንጋዮች ናቸው፤ ተፈጥሮ አስቀድማ ያቃጠለቻቸው ስለሆኑ ምድጃ አያስፈልጋቸውም። ክብደታቸው ሲቀንስ ቢሙና መሠረቱም ይቀላል። የውጭው ግድግዳ 20 ከሆነ የውስጡ 15 ወይም 10 ይሁን። መሐንዲሱ ግን አስቀድሞ ይወቀው፤ ያለበለዚያ ሸክሙን በ20 ያሰላዋል።

ስትገዙ ሁለት ብሎኬት አጋጩ። ጠንከር ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ጠርዙን በሚስማር ጫሩት፤ እንደ አሸዋ የሚረግፍ ከሆነ ውሃ አልጠጣም። የሚሰበር ብሎኬት ሲሚንቶው ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

ቀይ አፈር ባለበት አካባቢ በተጨመቀ አፈር የተሠራ ብሎኬት ጥሩ አማራጭ ነው። አፈሩ ከ5 እስከ 8 በመቶ ሲሚንቶ ተቀላቅሎ በማሽን ይጨመቃል። አይቃጠልም። ብዙ ጊዜ ከዚያው ከመሠረቱ የወጣው አፈር ይሆናል። ጥቁር አፈር ግን በፍጹም አይሆንም። ይሄ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ህንፃ ኮሌጅ በምንለው ልደታ ባለው ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ከስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ባለ ሁለት ደርብ የአፈር ቤት ተሠርቷል። የሚጠራጠር ሰው እዚያ ሄዶ ግድግዳውን በእጁ ይንካ።

የአፈር ግድግዳ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ከሥሩ እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ግንብ፣ ከላዩ ደግሞ ረዘም ብሎ የወጣ የጣሪያ ክፈፍ። የሐምሌ ዝናብ ግድግዳውን ካልመታው ይኖራል።

ለሰርቪስ ቤት፣ ለመጋዘን፣ ለዘበኛ ቤት ደግሞ የጭቃ ቤት ምን አለው? የባህር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ በጤፍ ጭድ በደንብ የቦካ ጭቃ። አያቶቻችን ያደጉበት ነው። እንጨቱ ሲያድግ ከአየር የሳበው ካርቦን ቤቱ እስከቆመ ድረስ እዚያው ግድግዳው ውስጥ ይቆያል። ጓሮ ያለችን አንዲት ክፍል በኮለንና በቢም ማሠር የዘመኑ ልማድ ሆኖብን እንጂ አስፈልጎን አይደለም። ምስጥ እንዳይገባ ቋሚው ከድንጋይ መሠረት በላይ ይቀመጥ፣ እንጨቱም ደርቆ ይግባ።

ደረጃ 5፦ ሲሚንቶ መምረጥና ኮንክሪት የሚሞላበት ቀን

ፒፒሲ ውስጥ ከክሊንከሩ (ከምድጃው ከወጣው የሲሚንቶ ድንጋይ) ጋር የተፈጨ ፑሚስ አለ። ለዚህ ነው ካርቦኑ የሚያንሰው። ለግንብ፣ ለልስን፣ ለወለል፣ ለሊን ኮንክሪት ያለ ጥያቄ ፒፒሲ ተጠቀሙ። ለፉቲንግ፣ ለኮለንና ለሶሌታ መሐንዲሱ ይፍቀድ፤ የኪዩብ (ለጥንካሬ የሚሰበር የኮንክሪት ናሙና) ምርመራ ውጤትም ይታይ። ፒፒሲ ጥንካሬውን የሚያገኘው ቀስ ብሎ ነው። ቋሚና ካሳፎርማ ቶሎ ለማንሳት የሚቸኩል ኮንትራክተር ኦፒሲ የሚወደው ለዚህ ነው። ጊዜ ካላችሁ ግን ጊዜን በሲሚንቶ አትግዙ።

አሸዋውን ሳይራገፍ ፈትሹት። ባዶ የሀይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ። ግማሹን አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ፣ ትንሽ ጨው ጨምሩበት። በደንብ ናጡትና ለጥቂት ሰዓት አስቀምጡት። አሸዋው ከታች ይተኛል፤ ደለሉ ከላዩ ስስ ቡናማ ንጣፍ ይሠራል። ንጣፉ ከአሸዋው ቁመት 6 በመቶ ከበለጠ ወይ ይታጠብ ወይ መኪናው ይመለስ። ደለል ያለበት አሸዋ ሲሚንቶውን ከጠጠሩ ጋር አያጣብቀውም። ጥንካሬ ሲጎድል ግንበኛ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ሲሚንቶ መጨመር።

ከዚያ መሙያው ቀን ይመጣል። ማልዳችሁ ሳይት ላይ ተገኙ። የመለኪያ ሳጥኑን ቁሙና እዩት። ሠራተኛው በአካፋ ቆልሎ ከሞላው አንዱ ድብልቅ ከሌላው አይገጥምም። እስከ አፉ ይሞላ፣ በእንጨት ተጠርጎ ይስተካከል። ሁለተኛው ውሃው ነው። ለአንድ ከረጢት 50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ገደማ ውሃ መነሻ ይሁናችሁ፤ ክረምት አሸዋው እርጥብ ሲሆን ከዚያም ያንሳል። ሚክሰሩ አፍ ላይ የቆመው ልጅ ድብልቁ እንዲፈስስለት ጀሪካኑን ሲደፋ ጥንካሬው አብሮ ይፈስሳል። «ደረቀ፣ አይገባም» ካላችሁ መልሱ ቪብሬተር (ኮንክሪቱን እየነቀነቀ የሚያስገባው ማሽን) ነው፤ ወይም መሐንዲሱ የሚያዝዘው አድሚክስቸር (ድብልቁን የሚያላላ ኬሚካል)። ውሃ አይደለም።

ማግስቱን ውሃ ማጠጣት ይጀመር። ለፒፒሲ 14 ቀን አድርጉት። ሶሌታውን ዙሪያውን በአሸዋ ከትራችሁ ውሃ አስተኙበት። ኮለኑን በጆንያ ጠቅልላችሁ ጆንያውን አርጥቡ። በጋ ላይ ፀሐይና ነፋስ ኮንክሪቱን ከሰዓት በፊት ያደርቁታል፤ ጠዋትና ማታ ብቻ ማጠጣት አይበቃውም። ለዚህ ሥራ አንድ ሰው በስሙ መድቡ። የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም አይሆንም።

ሲሚንቶ ስታስቀምጡ ከመሬት ከፍ ያለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ ደርድሩ። መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይውጣ። ዋጋ ይጨምራል ብሎ ለክረምት ማከማቸት በዳርቻው ሳይቶች የተለመደ ነው፤ ነሐሴ ላይ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ከረጢት ሲወጣ ግን ትርፉ ይጠፋል።

ደረጃ 6፦ ፌሮ

ፌሮ የሚሸጠው በ12 ሜትር ቤርጋ ነው። ፌራዮው መቁረጥ ከመጀመሩ በፊት የመቁረጫ ዝርዝር በወረቀት ይኑር፦ ስንት ባለ 3.80፣ ስንት ባለ 2.60፣ ከአንድ ቤርጋ ምንና ምን እንደሚወጣ። ዝርዝር ከሌለ ረጅሙ ይቆረጥና ጫፉ ይጣላል። ቁርጥራጩ ለስታፋና ለሊንቴል (ከበርና ከመስኮት በላይ ለሚገባው ትንሽ ቢም) ይለቀም። የተረፈውን ለቆራሌው ሽጡት፤ ተመልሶ ይቀልጣል።

ሻጩን «ይሄ ፌሮ ከውጭ በመጣ ቢሌት ነው ወይስ እዚህ ከቀለጠ ውድቅዳቂ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቢሌት ፌሮ የሚሠራበት ጥሬ ብረት ነው። በእኛ የውሃ ኃይል ከውድቅዳቂ የቀለጠ ብረት ካርቦኑ በእጅጉ ያንሳል። የጥራት ምርመራ ወረቀቱ ግን ይቅደም። ወረቀት የሌለውን ፌሮ ለካርቦን ብላችሁ አትግዙ።

ደረጃ 7፦ ልስን፣ መስኮት፣ ወለል

ግድግዳ በቱንቢ ልክ ካልቆመ የሚያቃናው ልስን ነው። 500 ካሬ ልስን ያለበት ቤት ላይ 1 ሳንቲ ጭማሪ 5 ሜትር ኩብ ሞርታር ነው፤ ወደ 20 ኩንታል ሲሚንቶ። ስለዚህ ለጎበዝ ግንበኛ የምትጨምሩት ክፍያ ከልስኑ ላይ ይመለሳል። የድንጋይ ግንቡን ጨርሶ አትለስኑት፤ መጋጠሚያውን ብቻ አሳምሩት።

አሉሚኒየም ላይ ጠበቅ በሉ። 150 ኪሎ ፕሮፋይል የገባበት ቤት ከ1.5 ቶን በላይ ካርቦን በመስኮት ብቻ ይዟል። የእንጨት ወይም የብረት መስኮት ሊሆን የሚችልበትን ቦታ እዩ። ፊት ለፊቱን በአሉኮቦንድ (በአሉሚኒየም ሽፋን) ማልበስ ደግሞ ለመኖሪያ ቤት ምንም አይጨምርም ባይ ነኝ። ጥሩ ልስንና ቀለም ይበቃል።

ለወለል ሊሾ አለ። በደንብ የተሠራ ሊሾ ያምራል፣ ይጸዳል፣ ይቆያል። ሴራሚክ ለመታጠቢያ ቤትና ለኪችን ይሁን። ለግቢው ኮንክሪት ከማፍሰስ ኮብልስቶን ይነጠፍ፤ ጠራቢውም አንጣፊውም በየሰፈሩ አለ፣ ዝናቡም በመካከሉ ይሰርጋል።

የፈረሰ ቤት ዕቃም ፈልጉ። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ከፈረሱ ቤቶች የወጣ ጣውላ፣ በር፣ ጥርብ ድንጋይና ቆርቆሮ በብዛት ይሸጣል። የድሮ የዝግባና የጽድ በር ዛሬ በአዲስ አታገኙትም። ሚስማሩን ነቅላችሁ፣ ምስጥ የበላውን ለይታችሁ ውሰዱ።

ስለ መኪና መንገድ ብዙ ስለምጠየቅ አንድ ልበል። አሸዋ ከመቂ በኩል ሲመጣ ደርሶ መልሱ ከ200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። 100 ሊትር ናፍታ ቢወስድ 270 ኪሎ ካርቦን ነው፤ ከ3 ኩንታል ኦፒሲ ጋር እኩል። ከቅርብ ካባ የተፈጨ አሸዋ ጥራቱ ደህና ከሆነ እሱን ውሰዱ። ሩቅ ያለው ንጹሕ፣ ቅርብ ያለው ደለላም ከሆነ ግን ከሩቅ ማምጣቱ ይሻላል። የምትጨምሩት ሲሚንቶ ከናፍታው ይበልጣልና።

ደረጃ 8፦ ደብተር ያዙ

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳይት ላይ አንድ ደብተር ይኑር። የገባ ሲሚንቶ በኩንታል፣ የገባ ፌሮ በኪሎ፣ የተሞላ ኮንክሪት በሜትር ኩብ። በየሙሊቱ ከመሐንዲሱ ቁጥር ጋር አስተያዩት። ሥዕሉ 12 ሜትር ኩብ ያለው ሶሌታ 14 ከወሰደ ካሳፎርማው ሰጥሟል ወይም ውፍረቱ አልተለካም። በሚቀጥለው ሙሊት ፎርማኑ በሜትር ለክቶ ያሳያችሁ።

ቤቱ ሲያልቅ ደብተሩን ከስትራክቸር ሥዕሉና ከኪዩብ ውጤቱ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ። ነገ ፎቅ ለመጨመር ወይም ቤቱን ለማደስ የሚመጣ መሐንዲስ መሠረቱ ምን ያህል እንደሚሸከም የሚያውቀው ከዚያ ነው። ወረቀት ካጣ ለደኅንነት ብሎ ያለውን ኮለን በአዲስ ኮንክሪት ያስጠቀልላል፣ ወይም አፍርሱት ይላል።